ዕዳዬን ልጨርስና እመጣለሁ

አቃቂ በሰቃ፣ መስከረም 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳሲቱ ቡልቻ፣

የሄድሽበት አገር ውሃው ተስማምቶሽ፣ ሰዉ ወዶሽ እንደሆነ ተስፋዬ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን ያመመኝ በምረቃሽ ድግስ ስለጨፈርኩ ነውና አልወቅሰውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጋሽ አሻግሬ ነው። ባለቤቴ አምባው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት እያለ አብረው ሐዲድ ይጠግኑ ነበር፤ አሁን ከባቡሩ ጋር እየተመላለሰ ትኬት ይቆጣጠራል። የባቡር ቤተሰብ ደብዳቤ ቴምብር አያውቅም ይል ነበር አምባው። ስልክ ቤቱን ተይው። እዚያ ተሰልፌ፣ ሰው ጆሮውን አቁሞ እየሰማኝ፣ ሃሎ ሃሎ ስል ብሩ ያልቃል። በወረቀት ግን እንዳሻኝ አወራሻለሁ፣ አታቋርጪኝም።

የምረቃ ፎቶሽን ከአምባው ፎቶ ጎን ሰቀልኩት። አደሴ ከፋብሪካ ስንወጣ አብራኝ መጥታ ቆማ አየችውና፣ «ፈለቀች፣ ይሄ ቆብ ምን ያደርጋል? ለፀሐይ እንዳይባል ፊት አይከልል፣ ለዝናብ እንዳይባል ጨርቅ» አለችኝ። «ለማያውቅ ሰው አልተሠራም» አልኳት። «እንግዲያው ለአንቺም አልተሠራም» ብላኝ ተሳሳቅን። እህቴ እናትሽ የስምንት ዓመት ልጅ እያለሽ ለእኔ ትታሽ ስታርፍ፣ ዳሲቱን ለትምህርት ቤት አደራ ነበር ያለችኝ። ይኸው ደረሰ እላታለሁ ፎቶሽን ባየሁ ቁጥር።

አሁን ደግሞ ወደ ወቀሳው ልምጣ። አልጋሽን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር የወጪ መጋራቱን ውል አገኘሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የምግብ ይላል፣ የመኝታ ይላል፣ የትምህርት ይላል፣ ተደምሮ ከሰባት ሺህ ብር ያልፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽሮው ውሃ ነው፣ ዳቦው ድንጋይ ነው ስትይኝ አልነበረም? ታዲያ የውሃና የድንጋይ ነው ይሄ ሁሉ? ዋናው ዲግሪሽም ዕዳው እስኪያልቅ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ እንደሚቆይ አደሴ ነገረችኝ፤ በወንድሟ ልጅ አይታዋለች። እኔ በድግሱ ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ያሳየሁት ለካ ጊዜያዊውን ወረቀት ነው። በንስሐ አባታችን ሳይቀር አስባርኬዋለሁ።

ዲግሪሽ እንደ ተያዘ ዕቃ መጋዘን ተቀምጦ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። ውክልና ጻፊልኝና ጉዳዩን ልከታተል።

የምትወድሽ እቴቴሽ፣ ፈለቀች



ሐሮ ዲማ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እቴቴ፣

ጉልበትሽ ተሽሎሽ፣ ሳቅሽ ሳይጎድል ይህ ወረቀት እንዲደርስሽ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሐሮ ዲማ ከአዋሽ ወዲያ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት። ባቡሩ የሚቆመው ሰው ውሃ ጠጥቶ እስኪጨርስ ያህል ብቻ ነው። የተከራየሁት ክፍል ከጣቢያው ጀርባ ስለሆነ እንደ አቃቂው ቤታችን ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ የወሰደኝም በእሱ ነው። ሙቀቱን ግን ገና አልለመድኩትም።

ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሰጥተውኛል። ስልሳ አራት ልጆች ናቸው። ባቡር ሲመጣ ስልሳ አራቱም አንገታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ፣ እኔም ጠመኔዬን ይዤ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ስለ ውሉ ያልነገርኩሽ ደስታሽን ላለማደብዘዝ ነው። ደግሞም የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። መምህር ሆኖ የተቀጠረ ሰው በብር ሳይሆን በአገልግሎት ይከፍላል። ሦስት ዓመት ካስተማርኩ ዕዳው ይሰረዝልኛል፣ ዲግሪዬንም ይሰጡኛል። ስለዚህ አንቺ ምንም አትክፈይ። ዕዳዬን ልጨርስና እመጣለሁ።

ውክልናውን ወረዳ ሄጄ አስፈርሜ ልኬልሻለሁ፤ ካልላክሁት እንደማታስቀምጪኝ ስለማውቅ ነው። የደሞዝ ጉዳዬ ገና ስላልተስተካከለ፣ ካለሽ ሁለት መቶ ብር በጋሽ አሻግሬ ላኪልኝ። የመጀመሪያው ደሞዜ ሲወጣ እመልሳለሁ።

ልጅሽ ዳሲቱ



አቃቂ በሰቃ፣ ኅዳር 17 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለዳሲቱዬ፣

ደብዳቤሽ በደረሰ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለጎረቤት እያካፈልኩ ከረምኩ፤ አሁን የተረፈኝን ለአንቺ እጽፋለሁ። ሁለት መቶውን ብርና አንድ ነጠላ ልኬልሻለሁ። ነጠላው ለሙቀት ምን ያደርግልኛል እንዳትይ፤ ራስሽ ላይ ጣል ስታደርጊው ፀሐዩ ያፍራል።

ዋናውን ነገር ስሚኝ። ሳሪስ አንድ የግል ትምህርት ቤት አለ። የተከፈተው አምና ነው። ባለቤቷ የአደሴ አበልጅ ናት። ለሚመጣው መስከረም የሒሳብ አስተማሪ ትፈልጋለች። ስለ አንቺ ነገርናት። አደሴ ነገረቻት ማለቴ ነው፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ አንዳንድ ነገር ጨመርኩ። ደሞዙ አሁን ከምታገኚው እጥፍ ነው። «ዋናውን ዲግሪ ይዛ ትምጣ እንጂ ቦታው የእሷ ነው» አለች። ከሳሪስ አቃቂ አንድ ታክሲ ነው። ጠዋት ሄደሽ ከሰዓት በኋላ እቤትሽ ትገቢያለሽ። አልጋሽን ከቦታው አላነቃነቅሁትም፤ አደሴ ወደ መስኮቱ እናስጠጋው ብትለኝ እንኳ እሷ ስትመጣ ትመርጣለች አልኳት።

ሦስት ዓመት በአገልግሎት ማለት ለመንግሥት ቀላል ነው። ለሚጠብቅ ሰው ሦስት ዓመት ረጅም ነው። እኔ አንድ ነገር እያሰብኩ ነው፣ ምን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ።

ስለ ሳሪሱ ነገር ቶሎ መልሺልኝ፤ ሴትየዋ ባየችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች።

እቴቴሽ ፈለቀች



ሐሮ ዲማ፣ ጥር 28 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣

ገናንና ጥምቀትን በጤና እንዳሳለፍሽ ተስፋ አደርጋለሁ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባቡሩ እየተበላሸ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ጋሽ አሻግሬም ቢሆኑ ሲመጡ ፊታቸው እንደ ድሮው አይደለም።

ነጠላውን ቀን ቀን አደርገዋለሁ። እዚህ ያሉ ሴቶች ጥለቱን እየነኩ ማን እንደሰጠኝ ይጠይቁኛል።

ብር አሁን አያስፈልገኝም፣ ደሞዜ ተስተካክሏል። ከተቻለሽ ግን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ ፈተናዎችን፣ የየትኛውም ዓመት ይሁኑ፣ ፈልጊልኝ። ባለቀለም ጠመኔም። ምክንያቱን ልንገርሽ። ጣቢያው ዳር መንኮራኩሩ የወለቀ አሮጌ ፉርጎ አለ፣ ጎኑ ጥቁር ነው። ከትምህርት በኋላ የፈለገ ልጅ ይመጣና እዚያ ላይ ጥያቄ እንሠራለን። መጀመሪያ አምስት ነበሩ። አሁን ሠላሳ ሁለት ሆነዋል፣ ሰሌዳውም ከክፍላችን ሰሌዳ ይሰፋል። የጣቢያው ጥበቃ ልጅ ዲንቄ ቁመቷ አልደርስ ሲላት ድንጋይ ደራርባ ትወጣለች። ከላይ ጀምራ እስከ ታች ስትሠራ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሳች ትወርዳለች። ባለፈው ሳምንት እኔ የተሳሳትኩትን አረመችኝና ለሦስት ቀን ፊቴን ማየት አፈረች።

የሳሪሷን ሴትዮ እግዜር ይስጥልኝ በያት። ዕዳዬን ልጨርስና ያን ጊዜ እናስበዋለን።

ዳሲቱ



አቃቂ በሰቃ፣ የካቲት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለዳሲቱ፣

ጋሽ አሻግሬ ባቡሩ ሊነሳ ነው እያለ በሬ ላይ ቆሟል፤ ሰላምታዬን ረጅም አድርገሽ ቁጠሪልኝ።

አሥራ አንድ ፈተና አግኝቻለሁ። ሻጩ «ልጅዎ ትፈተናለች?» ሲለኝ «ልጄ ፈታኝ ናት» አልኩት፤ ከዋጋው ላይ ሁለት ብር ቀነሰልኝ። ጠመኔው ሦስት ፓኮ ነው። ለዲንቄ መቆሚያ የሚሆን ነገር እልክ ነበር፣ ጋሽ አሻግሬ ግን ዱካ አልሸከምም አለ።

በደብዳቤሽ ስለ ልጆቹ አንድ ገጽ ጻፍሽ፣ ስለ ሳሪስ ሁለት መስመር። አይቼዋለሁ። እኔ የጀመርኩት ነገር ሲያልቅ ስለ ሳሪስ ብዙ ትጽፊያለሽ። ለፋሲካ እጠብቅሻለሁ።

እቴቴሽ



አቃቂ በሰቃ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳሲቱ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ለፋሲካ አልመጣሽም፣ ለምን እንደቀረሽም አልጻፍሽም። ባቡሩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ነገር ወቀሳውን ሁሉ ያስረሳኛል፤ ብዕሩን እንኳ አጥብቄ ይዤዋለሁ፣ እየቀደመኝ ነው።

ዲግሪሽ እዚህ ነው። ዋናው። እጄን ሁለቴ ታጥቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ከፋብሪካው ሴቶች ጋር ዕቁብ ገብቼ ነበር፤ ለጣሪያው ቆርቆሮ ብዬ የጀመርኩት ነው። የእኔ ዕጣ ሳይወጣ ወራት አለፉ። መጋቢት ላይ የአደሴ ስም ወጣ። ተነስታ ብሩን ልትቀበል ሄዳ፣ መሃል ላይ ቆመችና፣ «ይሄ ለፈለቀች ይሁን፤ የእሷ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ» አለች። እኔ ምንም አልነገርኳትም ነበር፣ እምልልሻለሁ። የዕቁቡ ዳኛ እንደምታውቂያት ናት፣ «ዋስ ጥሪ» አለችኝ። «ራሷ ዋስ ናት፣ ዕጣዋን ሰጥታኛለች» ብላት፣ «የሰጠ ሰው ዋስ አይሆንም፣ ሁለት ሰው ጥሪ» ብላ ድርቅ አለች። ከዚያ ከኋላ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ እኔ፣ እኔ እያሉ ተነሱ። ሰባት ሆኑ። ዳኛዋ «አምስታችሁ ተቀመጡ፣ ወረቀቱ ላይ ቦታ የለም» አለች።

ዩኒቨርሲቲሽ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው አንድ ማኅተም ጎደለ። በሁለተኛው አንድ ልጅ እግር ጸሐፊ ብሩን ተቀብሎ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ውክልናውን እያየ «እናቷ ነዎት?» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። «እዚህ አክስት ይላል» አለኝ። «ወረቀቱም አልተሳሳተም፣ እኔም አልዋሸሁም» አልኩት። ትንሽ አየኝና ሌላ ሳይጠይቅ ዲግሪውን አወጣልኝ። በአውቶቡስ ስመለስ ከጉልበቴ ላይ አላወረድኩትም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የመሬት ካርታ ነው ብሎ አሰበ።

ስለዚህ አሁን የያዘሽ ነገር የለም። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ነይ። የሳሪሷን ሴትዮ ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ባቡር ሲያፏጭ በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቅሽ።

የምትናፍቅሽ እቴቴሽ፣ ፈለቀች



ሐሮ ዲማ፣ ሰኔ 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣ ለእናቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ባቡሩ ከቀረ ወር ስላለፈ በጭነት መኪና ሹፌር ነው የምልከው፤ እንግዲህ ሰበብ አጣሁ፣ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ያንቺን ደብዳቤ ያነበብኩት ፉርጎው ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ዲንቄ አየችኝና፣ «ቲቸር፣ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። «ማንም አልሞተም፣ ዕዳዬ ተከፈለልኝ» አልኳት። «ታዲያ ለዚህ ይለቀሳል?» አለች።

እቴቴ፣ እዚህ ያቆየኝ ዕዳው አይደለም። መጀመሪያ ስመጣ ዕዳው ነበር። ከጥር ወዲህ ግን አልነበረም። መምህራኑ «አንቺ የአዲስ አበባ ልጅ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ ዕዳ አለብኝ እላለሁ፣ ይገባቸዋል። አንቺም ነይ ስትይኝ ዕዳዬን ልጨርስና እላለሁ፣ ትታገሺኛለሽ። ሦስት ዓመት ረጅም ነው፣ እስከዚያ እቴቴ ትለምደዋለች ብዬ ነበር የማስበው። አንቺ ለጣሪያሽ ያልሽውን ብር፣ አደሴም ዕጣዋን አምጥታችሁ የተደበቅሁበትን ነገር አነሳችሁት። እንዳትከፍይ ማለት ብቻ አይበቃም ነበር፤ እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

እዚህ መሆን እወዳለሁ። ልጆቹ በሚመጣው ዓመት አሥረኛ ክፍል ናቸው፣ ይፈተናሉ። ከእነሱ በኋላ ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ፣ እነሱንም ማየት እፈልጋለሁ። ሳሪስ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ በአንድ ቀን ያገኛል። አንቺን ግን ብቻሽን ትቼ ይህን መምረጤን በጽሑፍ ሳየው ራሴን አስጠላኝ፤ አራት ጊዜ የቀደድኩትም ለዚህ ነው።

ብሩን በየወሩ ከደሞዜ እየላክሁ እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ለአደሴ።

ይቅር በይኝ።

ዳሲቱ



አቃቂ በሰቃ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳሲቱ፣

ከረጅም ዝምታ በኋላ እንደምን ከርመሻል። ጉልበቴ ደህና ነው። ዝም ያልኩሽ በሥራ ብዛት አይደለም፣ አኩርፌ ነው። ኩርፊያውን ሌላ ስም ልሰጠው ፈልጌ ነበር፣ አልተገኘም።

ደብዳቤሽ የመጣ ቀን አልጋሽ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ አንድ ሳምንት ዝም ስል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፋብሪካ ውስጥ ታመመች ብለው ሎሚ አመጡልኝ። በመጨረሻ አደሴን ጠራሁና አነበብኩላት። እየሰማች አቀረቀረች። ብሯን አስባ መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል ለካ እየሳቀች ነው።

«ምን ያስቅሻል?» አልኳት።

«አምባው የሞተ ጊዜ ወንድሞችሽ ደብረ ብርሃን እንውሰድሽ ሲሉሽ ምን ነበር ያልሻቸው?»

«የጡረታ ወረቀቱ አላለቀም፣ እሱን ልጨርስ አልኳቸው።»

«ጡረታው ያለቀው መቼ ነው?»

በሦስት ወሩ ነበር ያለቀው። ለወንድሞቼ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላለቀም እያልኩ ጻፍኩላቸው። ፋብሪካዬን፣ ሴቶቹን፣ ይህን ግድግዳው የሚንቀጠቀጥ ቤት ትቼ መሄድ አልፈለግሁም ነበር። አልፈልግም ማለት ግን አፍ ያደርቃል፤ ወረቀት አላለቀም ማለት ይቀላል። ታዲያ ልጅቷ ከማን ተማረችው አለችኝ አደሴ። ኩርፊያዬ እዚያው ላይ አለቀ። ደስታዬ ግን ወዲያው አልተመለሰም፣ አልዋሽሽም። ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው። አንድ ጠዋት ፎቶሽን ስወለውል፣ እህቴ ለትምህርት ቤት አደራ አለችኝ እንጂ ለእኔ ቤት አደራ አላለችኝም አልኩ ለራሴ። ትምህርት ቤት ውስጥ ነሽ። ስለ ፉርጎውም ለሰው ሁሉ ማውራት ጀምሬያለሁ፤ ሰሌዳው አሁን በእኔ አፍ የሙሉ ባቡር ያህል ረዝሟል።

ለሳሪሷ ሴትዮ ሌላ ሰው ፈልጊ ብያታለሁ። በየወሩ እመልሳለሁ ያልሽው ግን አስቀይሞኛል። ከዚህ በኋላ በደብዳቤሽ ውስጥ የብር ቁጥር ካየሁ ቀሪውን ሳላነብ ለአደሴ እሳት ማቀጣጠያ ነው የምሰጣት። የእኔ ዕጣ ሐምሌ ላይ ወጥቶ እሷ ወስዳዋለች፤ በእኛ መካከል ያለው ነገር አልቋል።

ጋሽ አሻግሬ ቤቱ ተቀምጧል፤ ባቡሩ ይመጣል ሲሉት ዩኒፎርሙን ያስተኩሳል፣ ይቀራል ሲሉት ያጥፈዋል። ስለዚህ በአውቶቡስ ነው የምመጣው። ቡሄን ከሰፈር ጋር አሳልፌ፣ ነሐሴ ሃያ አንድ ከዚህ እነሳለሁ። ዲግሪሽን በሰው እጅ አልልክም፣ በጉልበቴ ላይ አድርጌ ራሴ አመጣዋለሁ። አልጋ አትበደሪ፣ ካንቺው ጋር እተኛለሁ።

ስደርስ ከዳይሬክተሩና ከልጆቹ ወላጆች ጋር አገናኚኝ። ለሁሉም ዕዳ አለብኝ ብለሻቸዋል፤ እነሱም ይህች ልጅ ዕዳዋን ስትጨርስ ትሄዳለች ብለው ቀን እየቆጠሩ ይሆናል። ዲግሪውን አሳይቼ እነግራቸዋለሁ። ዕዳ የለባትም፣ ወዳ ነው ያለችው እላቸዋለሁ። ከእኔ ሲሰሙት ያምናሉ።

ለዲንቄ ግን እኔን አትጠብቂ፤ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ራስሽ ንገሪያት። ዕዳሽ ተከፈለ ካልሻት ጀምሮ መቼ ትሄጂ ይሆን እያለች አፍራ ሳትጠይቅሽ የቀረች ይመስለኛል።

እቴቴሽ ፈለቀች